ራስኮልኒኮቭና ህሊናው፦ ስለ «ወንጀልና ቅጣት» ዋና ገጸ ባህርይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የታሪኩ መጨረሻም እዚህ ይነገራል፤ መጽሐፉን ገና ያላነበባችሁ ይህን እያወቃችሁ ግቡ።

ራስኮልኒኮቭ ማን ነው?

ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ በጻፈው «ወንጀልና ቅጣት» ውስጥ ያለ የ23 ዓመት ወጣት ነው። ልብ ወለዱ በ1866 «ሩስኪ ቬስትኒክ» በተባለ መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጣ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ራስኮልኒኮቭ ሕግ ይማር ነበር፤ የሚከፍለው ሲያጣ ዩኒቨርሲቲውን አቋረጠ። ፒተርስቡርግ ውስጥ የሚኖረው ባለ አምስት ፎቅ ቤት ጣሪያ ሥር፣ ቁም ሳጥን በምታህል ክፍል ነው። እናቱ ክፍሏን ስታይ የሬሳ ሣጥን ትመስላለች አለች። የቤት ኪራይ አለበት። ልብሱ ነትቧል። ኩራቱ ግን ከድህነቱ ይበልጣል።

ጊዜው ጁላይ ነው። ሐምሌ ሲባል የእኛ ዝናብና ጭቃ እንዳይመጣባችሁ። የፒተርስቡርግ ጁላይ ሙቀቱ ያፍናል፤ ከተማው አቧራ፣ ኖራና መጠጥ ቤት ይሸታል። ልጁ በዚህ ሙቀት ውስጥ ብቻውን፣ ሳይበላ፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ አንድ ወር ሙሉ ያስባል።

ስሞቹ ያደናግሩኛል። አንድ ሰው ለምን ሦስት ስም ይኖረዋል?

ብዙ ሰው መጽሐፉን አጋምሶ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። ለእኛ ግን መክበድ አልነበረበትም። ሩሲያውያንም እንደ እኛ የአባት ስም ያስከትላሉ። ሮዲዮን ሮማኖቪች ማለት ሮዲዮን የሮማን ልጅ ማለት ነው። እህቱ አቭዶትያ ሮማኖቭና ናት፤ ያው የሮማን ልጅ፣ በሴት አጠራር። በአክብሮት ሲጠሩ ሁለቱን አብረው ይጠራሉ። በቤት ውስጥ ደግሞ የቁልምጫ ስም አለ፤ ሮዲዮን ሮድያ ይሆናል፣ አቭዶትያ ዱንያ፣ ሶፊያ ሶንያ። እኛ ሙሉጌታን ሙሌ እንደምንለው።

ማን በየትኛው ስም እንደጠራው ልብ በሉ። መርማሪው ፖርፊሪ በአክብሮት አጠራር እየደጋገመ ይጠራዋል፤ አክብሮቱ ደግሞ ቀስ በቀስ ያስፈራል። እናቱ በደብዳቤዋ «ሮድያዬ» ትለዋለች። እሱ የሚሸሸው ይህንን ነው።

ስሙ ትርጉም አለው የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። «ራስኮል» በሩሲያኛ መሰንጠቅ፣ መከፈል ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፓትርያርክ ኒኮን የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ሲያሻሽሉ አንቀበልም ብለው የተለዩት ሰዎች «ራስኮልኒክ» ተብለዋል። ጓደኛው ራዙሚኺንም ስለ እሱ ሲናገር፣ ሁለት የማይገናኙ ጠባዮች በየተራ የሚፈራረቁበት ሰው ነው ይላል።

ለምን ገደለ? ለገንዘብ ነው?

ላይ ላዩን ሲታይ ይመስላል። የገደላት አልዮና ኢቫኖቭና ዕቃ በመያዣ ይዛ የምታበድር አሮጊት ናት። ወለዷ አንገት ያንቃል፤ ታናሽ እህቷን ሊዛቬታን ትመታለች። በዚያው ሰሞን ከእናቱ ደብዳቤ መጣ። ዱንያ ሉዢን የሚባል ሀብታም ሰው ልታገባ ነው። ራስኮልኒኮቭ ከመስመሮቹ በስተጀርባ ያለውን ወዲያው አነበበው፤ እህቱ ለእሱ ብላ ራሷን እየሸጠች ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ወር ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አንድ ተማሪና አንድ መኮንን ሲጨዋወቱ ሰምቷል። ተማሪው ስለዚችው አሮጊት ነው የሚያወራው። ለማንም የማትጠቅም አንዲት ክፉ አሮጊት ብትሞትና በገንዘቧ መቶ ሰው ቢድን ምን አለበት? ይህ ሒሳብ ነው አለ። መኮንኑ አንተ ራስህ ትገድላታለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው ተማሪው አልገድልም አለ። ለተማሪው ወሬ ብቻ ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ ግን ራሱ ውስጥ ሲፈለፈል የነበረውን ሐሳብ በሌላ ሰው አፍ ሰማው።

ነገር ግን ገንዘቡን እንዴት እንዳደረገው ተመልከቱ። የወሰደውን ቦርሳ ከፍቶ እንኳ አላየውም። አንድ ግቢ ውስጥ ከትልቅ ድንጋይ ሥር ቀበረው። በኋላ ሲቆጠር 317 ሩብልና 60 ኮፔክ ሆነ። መሳቢያ ውስጥ የነበረውን 1500 ሩብል ገደማ ጭራሽ አላገኘውም። ቤተሰቧን ለማብላት ገላዋን ለምትሸጠው ለሶንያ ሲናዘዝም ምክንያቱን አንድ በአንድ ያነሣና ራሱ ይጥለዋል። እናቴን ለመርዳት ነው ይላል፤ አይ፣ እሱ አይደለም ይላል። ተርቤ ነው ይላል፤ አይ፣ ተርቤ ቢሆንማ ደስ ባለኝ ይላል። መጨረሻ ላይ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ እንደ ሌላው ሁሉ ቅማል ነኝ ወይስ ሰው? መሻገር እችላለሁ ወይስ አልችልም? ይህን ለማወቅ ፈለገ። ለራሱ ብቻ ገደለ።

«ተራ» እና «ልዩ» ሰዎች የሚለው ሐሳቡ ምንድን ነው?

ራስኮልኒኮቭ ከግድያው በፊት ስለ ወንጀል አንድ ጽሑፍ ጽፎ ነበር። ከእሱ ዕውቀት ውጪ ጋዜጣ ላይ ወጥቶለት ኖሯል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሰው ሁለት ዓይነት ነው። ብዙው ተራ ነው፤ ሥራው መታዘዝና ዘር መተካት ነው። ጥቂቶቹ ግን አዲስ ቃል ይዘው የሚመጡ ናቸው። ሊኩርጎስ፣ ሶሎን፣ መሐመድ፣ ናፖሊዮን ብሎ ይቆጥራል። እነዚህ አዲስ ሕግ ሲያወጡ የድሮውን ጥሰዋል፤ ደም ከማፍሰስም አልተመለሱም። ስለዚህ ልዩ ሰው ሐሳቡ የግድ ካለው ደም ረግጦ ለማለፍ ህሊናው ሊፈቅድለት ይችላል ይላል። ወንጀል በሩሲያኛ «ፕሬስቱፕሌኒዬ» ነው፤ ቃል በቃል መሻገር፣ አልፎ መርገጥ። እኛ ትእዛዝ መተላለፍ እንደምንለው።

ጽሑፉ ስለ ናፖሊዮን ይመስላል። የሚጠይቀው ግን ስለ ራሱ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ፍጡር ነኝ ወይስ መብት አለኝ? ችግሩ ይህ ጥያቄ በማሰብ ብቻ አይመለስም። ስለዚህ መጥረቢያ አነሣ።

ክፉ ሰው ነው ወይስ ደግ?

መጽሐፉን መጀመሪያ ሳነበው ክፉ ነው ብዬ ፈረድኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ደግ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ሳያስብ ነው። ማሰብ ሲጀምር ደግነቱን ይፀፀትበታል።

ምሳሌ ልስጥ። ማርሜላዶቭ የሚባል ሰካራም የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ መጠጥ ቤት ያገኘዋል፤ ደግፎ ቤቱ ያደርሰዋል። ቤቱ ውስጥ የተራቡ ልጆችና የምታስል ሚስት አሉ። ራስኮልኒኮቭ ኪሱ ውስጥ የቀረችውን ሳንቲም ሳይታይ መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ሐሳቡ መጣ። ምን ዓይነት ሞኝነት ነው ይሄ? እነሱ እኮ ልጃቸው ሶንያ አለቻቸው፤ ቸግሮኝ ያለው እኔ ነኝ አለ። ተመልሶ ሊያነሣት ሁሉ ፈለገ። ሌላም አለ። መንገድ ላይ አንዲት ሰክራ የምትንገዳገድ ልጅ እግር ያያል። አንድ ወፍራም ሽቅርቅር ሰው ሊወስዳት ያደባል። ራስኮልኒኮቭ ለጠብ ተጋበዘ፣ ፖሊስ ጠራ፣ ለጋሪ ብሎ 20 ኮፔክ ሰጠ። ከደቂቃ በኋላ አንድ ነገር የነደፈው ይመስል ፖሊሱን ጠርቶ «ተዋቸው! አንተ ምን አገባህ?» አለው። እጁ ይሰጣል፤ ጭንቅላቱ ዘግይቶ ይደርስና ይቀማዋል።

ፍርድ ቤት ስለ እሱ የተመሰከረው ደግሞ የሚገርም ነው። አንድ የሳንባ ሕመምተኛ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛውን ስድስት ወር ሙሉ ከራሱ ጉሮሮ ነጥቆ አስታሟል። ልጁ ሲሞት አባቱን ጦሯል፤ አባትየውም ሲሞቱ ቀብሯል። ከሚቃጠል ቤት ሁለት ሕፃናት አውጥቶ እሱ ተቃጥሏል። ይህንን ራሱ አንድም ጊዜ አያነሳም። የሚኮራው በጽሑፉ ነው። እኔ የዚህ ልጅ ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው የሚመስለኝ፤ የራሱን የተሻለ ግማሽ እንደ ድክመት ቆጠረው።

የፈረሷ ሕልም ለምን ተጻፈ?

ከግድያው በፊት ባለው ቀን ሣር ላይ ተኝቶ ያያል። በሕልሙ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ከአባቱ ጋር እየሄደ ነው። ሚኮልካ የሚባል ሰካራም ገበሬ አንዲት ከሲታ ፈረስ በተጠመደችበት ጋሪ ላይ ሰው በሰው ይጭንባትና ጎትቺ ይላታል። ስትሰንፍበት በጅራፍ፣ በአጣና፣ በብረት ደብድቦ ገደላት። «የራሴ ንብረት ናት!» እያለ ይጮኻል። ሕፃኑ ሰው ጥሶ ገብቶ የሞተችውን ፈረስ አንገት አቅፎ ይስማል።

ሲነቃ በላብ ተጠምቋል። በእውነት መጥረቢያ ይዤ ራሷን ልፈልጥ ነው? አለ። አልችልም አለ። ያን ሰዓት ነጻ ወጣ፤ ወደ አምላኩ ጸለየ፣ ሰውነቱ ቀለለው። ሕልሙ ውስጥ ሁለቱም እሱ ናቸው። የሚገድለውም እሱ ነው፣ የሚያለቅሰውም እሱ ነው። ከዚያ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያለ ምክንያት መንገዱን አስረዝሞ በሴናያ ገበያ ዞረ። እዚያ ሊዛቬታ በማግስቱ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ቤት እንደማትኖር በአጋጣሚ ሰማ። አሮጊቷ ብቻዋን ትሆናለች። ነጻነቱ የቆየው ለአንዲት ምሽት እንኳ አይደለም።

ማንም ሳይጠረጥረው ለምን ታመመ?

ግድያው የሚፈጸመው ከስድስቱ ክፍሎች በመጀመሪያው ማብቂያ ላይ ነው። ቀሪው መጽሐፍ ሁሉ ቅጣት ነው፤ ሕግ የሚቀጣበት ግን በመጨረሻው ድኅረ ታሪክ ብቻ ነው። እስከዚያ የሚቀጣው ሰውነቱ ነው። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራ። የጠሩት ባከራየችው ሴትዮ የ115 ሩብል ዕዳ ነው። ተገላገልኩ ሲል ፖሊሶቹ ስለ ግድያው ማውራት ጀመሩ፤ እሱም ራሱን ስቶ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ለቀናት እየቃዠ ተኛ።

ግን ከትኩሳቱ በላይ የጎዳው ብቸኝነት ነው። ድልድይ ላይ በሐሳብ ተውጦ ሲሄድ አንድ ባለ ሠረገላ በጅራፍ ጀርባውን ገረፈው። ይህን ያዩ አንዲት የነጋዴ ሚስት ለማኝ መስሏቸው «ስለ ክርስቶስ» ብለው 20 ኮፔክ እጁ ላይ አኖሩ። ራስኮልኒኮቭ ሳንቲሟን ለጥቂት ጊዜ ጨብጦ ቆየ። ከዚያ ወንዙ ውስጥ ወረወራት። በዚያች ቅጽበት ራሱን ከሰው ሁሉ በመቀስ የቆረጠ መሰለው። እናቱና እህቱ ከሩቅ አገር መጥተው ሲያቅፉት እጁን ማንሣት አቃተው። ቆሞ ቆሞ ወደቀ። እናቱን ማቀፍ ያልቻለው ፈርቶ አይደለም። ያቺ እናት የምታቅፈው ሮድያ አሁን የለም። ለሶንያ በኋላ ያላት ይህንኑ ነው፤ አሮጊቷን ሳይሆን ራሴን ገደልኩ።

ዶስቶየቭስኪ ይህን ሁሉ ከየት አወቀው?

በራሱ ላይ ደርሶበት። በ1849 የፔትራሼቭስኪ ማኅበር በተባለው የውይይት ቡድን ምክንያት ታሰረ። በያኔው የሩሲያ አቆጣጠር በዲሴምበር 22 ከጓደኞቹ ጋር ሴምዮኖቭስኪ አደባባይ ወጥቶ የሞት ፍርድ ተነበበበት። ሊተኮስ ሲል ምሕረት መጣ። ከዚያ ሳይቤሪያ፣ ኦምስክ ውስጥ አራት ዓመት በእግር ብረት ከነፍሰ ገዳዮች ጋር ኖረ። ወደዚያ ሲሄድ ቶቦልስክ ላይ ከእሱ በፊት የተጋዙ ሰዎች ሚስቶች አዲስ ኪዳን ሰጡት፤ እስኪሞት ድረስ ከእጁ አልለየውም።

ይህ በመጽሐፉ ውስጥ ይታያል። ማርሜላዶቭ በሠረገላ ተረግጦ ሲሞት ራስኮልኒኮቭ እናቱ ከላከችለት ገንዘብ 20 ሩብል ለቀብር ሰጠ። ደረጃውን ሲወርድ ሕይወት ተመለሰችበት። ደራሲው ስሜቱን ሲገልጽ ሞት ተፈርዶበት ድንገት ምሕረት እንደ መጣለት ሰው ነው ይላል። ይህንን በመጻፍ ብቻ አይደለም የሚያውቀው።

ፖርፊሪ ገዳዩን እያወቀ ለምን አላሰረውም?

አንደኛ፣ ማስረጃ የለውም። ያለው ግምትና የሰው ጠባይ ዕውቀት ነው፤ ይህ ደግሞ ሁለት ጫፍ ያለው ዱላ መሆኑን ራሱ ያምናል። ሁለተኛ፣ ሰውየው የትም እንደማይሸሽ ያውቃል። የእሳት ራት ሻማውን እንደምትዞር ይዞረኛል ይላል። እንዲያውም ሚኮላይ የሚባል ምስኪን ቀለም ቀቢ እኔ ነኝ የገደልኩ ብሎ ሲያምን ፖርፊሪ አላመነውም። ያ ልጅ መከራ መቀበል የፈለገ ሃይማኖተኛ ነው። ንጹሑ ቅጣት ይለምናል፤ ጥፋተኛው ይሸሻል።

በመጨረሻው ጉብኝት ራስኮልኒኮቭ «ታዲያ ማን ገደለ?» ይላል። ፖርፊሪ ለስለስ ባለ ድምፅ «አንተ ነህ እንጂ» ይለዋል። ከዚያ በራስህ እግር ሂድ፣ ቅጣትህ ይቀልልሃል ብሎ ይመክረዋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ መርማሪ ብልጠት ያነበዋል። እኔ ከልቡ ይመስለኛል።

ሶንያ ምን አደረገችለት?

ሶንያ የማርሜላዶቭ ልጅ ናት። የእንጀራ እናቷን ልጆች ለማብላት ገላዋን ትሸጣለች። ራስኮልኒኮቭ መጀመሪያ የሄደባት አንቺም እንደኔ ተሻግረሻል ብሎ ነው። የራሷን ሕይወት ገድላለችና እንደሱ ናት ብሎ አሰበ። ተሳስቷል። እሱ የሌላ ሰው ሕይወት ወሰደ፤ እሷ የራሷን ሰጠች። ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ስለ አልዓዛር ታነብለት ዘንድ ግድ አላት። ስታነብ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «አራት ቀን ሆኖታል» የሚለው ላይ ስትደርስ «አራት»ን አጥብቃ ትናገራለች። ያንን ክፍል የሚሰማው ሰው ራሱ በሬሳ ሣጥን በተመሰለች ክፍል የሚኖር መሆኑን አትርሱ።

ሲናዘዝላት ምን አለች? አልሸሸችም፣ አልሰደበችውም። አንተ በራስህ ላይ ምን አደረግክ! አለችና አቀፈችው። ከዚያ ግን አላባበለችውም። ተነሥ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቁም፣ ያረከስከውን መሬት ሳም፣ እኔ ገደልኩ በል አለችው። ከእሱ ጋር ስትከራከር ሐሳቡን በሐሳብ ልትረታው አትሞክርም። ሰው ቅማል ነው ወይ? ብላ ብቻ ትጠይቀዋለች።

ስቪድሪጋይሎቭ ለምን አስፈለገ?

ራስኮልኒኮቭ መሆን የፈለገውን ሰው እንድናይ ነው። ስቪድሪጋይሎቭ ዱንያን የሚከታተል ባላባት ነው። ለእሱ ክፉና ደግ እኩል ናቸው፤ ክፉም ይሠራል፣ ለማርሜላዶቭ ወላጅ አልባ ልጆችም ገንዘብ ይሰጣል። ሁለቱንም ያለ ስሜት ያደርገዋል። ህሊና ሳይከለክለው የሚሻገር ሰው ይኸውላችሁ፤ መጨረሻው በአንድ ርጥብ ማለዳ ራሱን ተኩሶ መግደል ሆነ። ራስኮልኒኮቭ ሊናዘዝ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ይህን ዜና ሰማ፤ ሳይናገር ተመልሶ ወጣ። በሩ ላይ ሶንያ ቆማለች። ፊቷን ሲያይ ዞሮ ገባና ተናገረ።

በመጨረሻ ተጸጽቷል ወይስ አልተጸጸተም?

እዚህ ላይ ብዙ ክርክር አለ። ብዙ ሰው «እየተጸጸተ ተሠቃየ» ይላል። መጽሐፉን በጥንቃቄ ብታነቡት ግን ለረጅም ጊዜ አልተጸጸተም። ሴናያ አደባባይ ላይ ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ፤ ሰዎች ሳቁበት፤ ሊናገር የነበረው ቃል አፉ ላይ ደረቀ። ለፖሊስ አመነ። የስምንት ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ተፈርዶበት ሳይቤሪያ ወረደ። እዚያም ሆኖ ህሊናዬ አይወቅሰኝም ይላል። የሚያፍረው በመግደሉ ሳይሆን በመሸነፉ ነው። ጥፋቴ አንድ ነው፣ መቋቋም አቅቶኝ እጄን መስጠቴ ነው ይላል።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጸጸት ይቀድማል። ከዚያ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ይናዘዛል፤ ከዚያ ቀኖና ይቀበላል። የራስኮልኒኮቭ ነገር የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ተሠቃየ፣ ቀጥሎ ተናዘዘ፣ ቀጥሎ ቀኖናውን ጀመረ፤ ጸጸቱ የመጣው ከሁሉም ኋላ ነው። ስለዚህ ሥቃዩንና ጸጸቱን አንድ አናድርጋቸው። ሥቃዩ የመጣው ልቡ ሐሳቡን ስላልተቀበለው ነው። ጭንቅላቱ ደግሞ ልቡን ዓመት ሙሉ እንዳልሰማ አለፈው።

የመጨረሻው ለውጥ የተለጠፈ አይመስልም?

ብዙ አንባቢና ሐያሲ እንዲህ ይላል፤ እኔም ለተወሰነ ጊዜ እንደዚያ አስብ ነበር። አሁን ግን አይመስለኝም። ከለውጡ በፊት ሁለት ነገር ተቀምጧል። አንደኛው እስረኞቹ ናቸው። ነፍሰ ገዳዮችና ሽፍቶች ሆነው እሱን ይጠሉታል፤ አምላክ የለህም ብለው ሊገድሉት ሁሉ ተነሥተውበታል። ሶንያን ደግሞ እናታችን ይሏታል። ልዩ ነኝ ያለው ሰው ከተራዎቹ መካከል አንድም ወዳጅ አጣ። ሁለተኛው ሕልሙ ነው። በዐቢይ ጾምና በፋሲካ ታሞ ሲቃዥ፣ ከእስያ የመጣ ወረርሽኝ ዓለምን ሲያጠፋ አየ። በሽታው የያዘው ሰው ሁሉ እውነት በእኔ ብቻ ናት ብሎ ያምናል። በዚህ የተነሣ እርስ በርስ ተላለቁ። ይህ የራሱ ጽሑፍ ነው፤ በሁሉም ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን በሕልም አነበበው።

ከዚያ አንድ ማለዳ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ሶንያ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። እግሯ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ለምን እንደሆነ ራሱም አላወቀም። እንደ ሳንቲሟ፣ እንደ ሕፃናቱ፣ ይህንንም ያደረገው ሳያስብ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ከደቂቃ በኋላ የሚመጣው ክርክር በዚህ ጊዜ አልመጣም። ደራሲውም በክርክሩ ቦታ ሕይወት ገባ ብሎ ይጽፋል።

ሊዛቬታን ለምን ይረሳታል?

ከሁሉም የሚከብደኝ ጥያቄ ይህ ነው። ራስኮልኒኮቭ ሁለት ሰው ገድሏል። አሮጊቷን በመጥረቢያው ደንደስ መታት። ሊዛቬታ ሳትታሰብ ገባች፤ እሷን በስለቱ ገደላት። እጇን እንኳ ፊቷን ለመከለል በደንብ አላነሣችም፤ የግራ እጇን ትንሽ ዘርጋ ብቻ አደረገች። ስትመታ የኖረች ሴት ናት። ለእሱም አንድ ጊዜ ሸሚዝ ጠግናለታለች። ግን ሲያስብ፣ ሲከራከር የሚያወራው ስለ አሮጊቷ ብቻ ነው። ራሱም አንድ ቀን ይገርመዋል፤ ለምንድን ነው እሷን ያልገደልኳት ይመስል የማላስባት? ይላል።

መልሱ ቀላል ይመስለኛል። አሮጊቷ በሒሳቡ ውስጥ ትገባለች፤ ክፉ ናት፣ ቅማል ናት ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሊዛቬታ የትኛውም ሒሳብ ውስጥ አትገባም። አንድ ጊዜ ስሟን ከጠራ ጽሑፉ በሙሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ጭንቅላቱ ረሳት። ዶስቶየቭስኪ ግን አልረሳትም። ራስኮልኒኮቭ ለሶንያ ሲናዘዝ የሶንያ ፊት በድንገት የሊዛቬታን ፊት መሰለበት፤ እንደዚያው እጇን ዘርግታ ወደ ግድግዳው ሸሸች። ሶንያና ሊዛቬታ ወዳጆች ነበሩ፤ መስቀል ተለዋውጠዋል። እሱ ሊናዘዝ ሲወጣ ሶንያ የራሷን የእንጨት መስቀል አንገቱ ላይ አሰረችለት፤ ለራሷ የሊዛቬታን የመዳብ መስቀል አስቀረች።

ስለ አልዓዛር የተነበበው አዲስ ኪዳንም አለ። ከየት አገኘሽው? ብሎ ጠይቋት ነበር። ሊዛቬታ አመጣችልኝ አለችው። ሳይቤሪያ ውስጥ በመጨረሻው ገጽ ትራሱ ሥር ያለው ይኸው መጽሐፍ ነው። ከመታመሙ በፊት ራሱ ለምኖ ያስመጣው ነው። በዚያ ምሽት አውጥቶ ያዘው። ገና አልከፈተውም።